ግሽበት ቀነሰ ሲባል የቀነሰው ምንድን ነው? የሸማቾች ዋጋ መግለጫን አንብቦ ለመረዳት

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በየወሩ የሚያወጡት የሸማቾች ዋጋ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምቆ ነው፦ ግሽበት ከዚህ ወደዚህ ወረደ፣ ወይም ወጣ። ሰሚው ወዲያው ከኪሱ ጋር ያስተያየዋል። ወረደ የተባለበት ወር እሱ ካለፈው ወር የበለጠ የከፈለበት ወር ሆኖ ሲያገኘው መግለጫውን ውሸት ነው ብሎ ይተወዋል። በእኔ ግምት ከእንዲህ ዓይነቱ ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው ቁጥሩ ስለዋሸ ሳይሆን ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄና ሰሚው በልቡ የያዘው ጥያቄ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መግለጫውን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ካልኩሌተር ይዞ፣ ቁጥሮቹን በየተራ የመመርመር መንገድ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመቶኛው በፊት ኢንዴክሱን ይፈልጉ

የመግለጫው ሥር የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ነው። ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን በምን ላይ እንደሚያውሉ በወጪ ጥናት ይታወቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ የዕቃዎችና የአገልግሎቶች ዝርዝር፣ በተለምዶ «ቅርጫት» የሚባለው፣ ይዘጋጃል፤ ዋጋ ሰብሳቢዎችም በየወሩ ወደዚያው ሻጭ እየተመለሱ የዚያኑ ዕቃ፣ በዚያው ዓይነትና በዚያው መጠን፣ ዋጋ ይመዘግባሉ። አንድ የመነሻ ጊዜ ተመርጦ 100 ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የቅርጫቱ ዋጋ ሁሉ ከእሱ አንጻር ይገለጻል። የመነሻውን ጊዜ ቅርጫት ሳይነኩ ዋጋውን ብቻ እየለዋወጡ የማስላት ስልት በጀርመናዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር በኤቲየን ላስፔይሬስ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ እሱ ቀመሩን ያቀረበው በ1871 ነው። ዛሬም አብዛኞቹ ሀገሮች የሚሠሩበት ይኸው ቀመር ወይም የእሱ ዝርያ ነው።

እኔ መግለጫ ሲደርሰኝ ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ዘልዬ መጨረሻ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ነው በቅድሚያ የምገልጠው፤ ምክንያቱም ኢንዴክሱን የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በራሱ ሊያሰላ ይችላል። የአሜሪካን ኢንዴክስ ለምሳሌ እንውሰድ፤ መነሻው ከ1982 እስከ 1984 ያለው ጊዜ ሲሆን የዚያ ዘመን አማካይ 100 ተብሏል። ኢንዴክሱ በጁን 2021፣ 271.696 ነበር። በጁን 2022፣ 296.311 ደረሰ፤ በጁን 2023 ደግሞ 305.109 ሆነ። 296.311ን ለ271.696 ሲያካፍሉ 1.0906 ያገኛሉ፤ ከዚህ ላይ 1 ቀንሰው የቀረውን በ100 ሲያባዙት 9.1 በመቶ ይመጣል። በዚያው መንገድ 305.109ን ለ296.311 ሲያካፍሉ 3.0 በመቶ ይሆናል። ዜናው «ግሽበት ከ9.1 ወደ 3.0 ወረደ» ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሦስቱን ኢንዴክሶች ጎን ለጎን ቢያዩ አንዱም አልወረደም። የመጨረሻውን ለመጀመሪያው ቢያካፍሉ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የዋጋ ደረጃው 12.3 በመቶ ከፍ ብሏል። የቀነሰው ዋጋ ሳይሆን ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። መኪና ከመቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሠላሳ ፍጥነቱን ቢቀንስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው አይባልም፤ ቀስ ብሎ ይሁን እንጂ ወደፊት መሄዱን አላቆመም። ዋጋ በእርግጥ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግሽበቱ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህም በአጠቃላይ ኢንዴክስ ላይ እምብዛም አይታይም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ስሌት አለ። ዋጋ በ25 በመቶ ከጨመረ በኋላ ወደነበረበት ለመመለስ 25 በመቶ መቀነስ አያስፈልገውም፤ 20 በመቶ ይበቃዋል፤ 125 ላይ የሚወሰደው 20 በመቶ 25 ነውና። በተመሳሳይ ምክንያት ዋጋ 25 በመቶ ሲጨምር በእጅ ያለው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ የሚቀንሰው በ20 በመቶ ነው።

የትኛው ግሽበት?

አንድ መግለጫ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መቶኛ ይገኛል፤ ሦስቱም ግሽበት ይባላሉ። ወርሃዊው የዚህን ወር ኢንዴክስ ካለፈው ወር ጋር ያነጻጽራል። ዓመታዊው የዚህን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል፤ በዜና ላይ ያለ ማብራሪያ «ግሽበት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ሦስተኛው የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ ሲሆን፣ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት አማካይ ኢንዴክስ ከዚያ በፊት ከነበሩት አሥራ ሁለት ወራት አማካይ ጋር ያስተያያል። ይህኛው ዝግተኛ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም ዘግይቶ ይከተላል። በአሜሪካ «የ2022 ግሽበት ስንት ነበር?» ለሚል ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፦ ዲሴምበርን ከዲሴምበር ጋር ላነጻጸረ 6.5 በመቶ፣ የዓመቱን አማካይ ከቀደመው ዓመት አማካይ ጋር ላነጻጸረ 8.0 በመቶ። ሁለት ሰዎች በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲከራከሩ ቢያዩ ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው።

ወርሃዊውን ቁጥር በ12 አባዝቶ «በዓመት ይህን ያህል ማለት ነው» ማለት ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አንደኛ፣ ጭማሪ በጭማሪ ላይ ስለሚደረብ በየወሩ 2 በመቶ ቢጨምር በዓመት 24 ሳይሆን 26.8 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛውና የከፋው፣ አንድ ወር ዓመቱን አይወክልም። አርጀንቲና በዲሴምበር 2023 ገንዘቧን በኃይል ካረከሰች በኋላ የዚያ ወር ግሽበት ብቻውን 25.5 በመቶ ነበር፤ ይህ ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ ቢቀጥል ኖሮ ከ1400 በመቶ በላይ ያደርስ ነበር። በዲሴምበር 2024 የተመዘገበው ዓመታዊ ግሽበት ግን 117.8 በመቶ ነው። እጅግ ከፍተኛ ቢሆንም ከዚያ ግምት ጋር የሚገናኝ አይደለም።

ካለፈው ዓመት የሚመጣው ጥላ

መግለጫ አንባቢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የመነሻ ወር ተጽዕኖ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ቢሰጡት ያዋጣል። ዓመታዊ ግሽበት ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱ የዛሬው ወር ነው፣ ሌላው የዛሬ ዓመቱ ወር። አዲስ መግለጫ በወጣ ቁጥር አንድ አዲስ ወር ይገባል፣ አንድ አሮጌ ወር ደግሞ ይወጣል። ቁጥሩ የተለወጠው በሚገባው ወር ይሁን በሚወጣው ወር ምክንያት ርዕሱን ብቻ በማንበብ ማወቅ አይቻልም።

ቱርክ በ2022 ያየችው ለዚህ የሚሆን ግልጽ ምሳሌ ነው። የኖቬምበር 2022 ዓመታዊ ግሽበት 84.39 በመቶ ነበር፤ በቀጣዩ ወር 64.27 በመቶ ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ ሃያ መቶኛ ነጥብ ወረደ ማለት ነው። ይሁንና በዚያ በዲሴምበር ዋጋዎች በ1.18 በመቶ ጨምረዋል እንጂ አልቀነሱም። ምሥጢሩ ያለው ከአንድ ዓመት በፊት በነበረው ዲሴምበር ላይ ነው፤ የሊራ ምንዛሪ በወደቀበት በዲሴምበር 2021 የአንድ ወር ጭማሪው 13.58 በመቶ ነበር። ያ ወር ከስሌቱ ሲወጣና በቦታው 1.18 ሲገባ ዓመታዊው ቁጥር እንደዚያ ተንሸራተተ። ስሌቱን ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ፦ 1.8439ን በ1.0118 አባዝተው ለ1.1358 ቢያካፍሉ 1.6426 ያገኛሉ፤ ይህም ከክፍልፋይ ማጠጋጋት በስተቀር የተነገረው ቁጥር ነው።

ጥላው በተቃራኒው አቅጣጫም ይወድቃል። በአሜሪካው ምሳሌ የጁን 2023 ዓመታዊ ግሽበት 3.0 ሲሆን የጁላይ ወደ 3.2 ከፍ አለ፤ «ግሽበት እንደገና አንሠራራ» ለማለት የቸኮለም አልጠፋ ይሆናል። ኢንዴክሱን ሲያዩት ግን ከጁን ወደ ጁላይ የተጨመረው ከ305.109 ወደ 305.691 ነው፤ 0.2 በመቶ ብቻ። ከአንድ ዓመት በፊት በነበረው ጁላይ ግን ኢንዴክሱ ከ296.311 ወደ 296.276 ሄዶ ነበርና በተግባር ባለበት የቆመበት ወር ነው። ያ የቆመ ወር ከስሌቱ ሲወጣ ትንሹም ጭማሪ ዓመታዊውን ቁጥር ወደ ላይ ገፋው።

ስለዚህ አዲስ መግለጫ ሲወጣ የሚደረገው ምርመራ ይህ ነው፦ የዚህን ወር ወርሃዊ ለውጥ ይያዙ፤ ከዚያ የዛሬ ዓመቱን ተመሳሳይ ወር ወርሃዊ ለውጥ ፈልገው አጠገቡ ይጻፉት። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ዓመታዊው ይወርዳል፣ ከበለጠ ይወጣል። በዚሁ ዘዴ ያለፈው ዓመት ወርሃዊ ቁጥሮችን በመደርደር ብቻ ቀጣዮቹ ወራት ወደየት እንደሚያዘነብሉ ከመግለጫው ቀድሞ መገመት ይቻላል። ትንቢት አይደለም፤ የሚወጣው ወር አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። የወቅት መፈራረቅ ሌላው መጠንቀቂያ ነው፤ ምርት በሚሰበሰብበት ወይም በዓል በሚበዛበት ወር ወርሃዊ ለውጡ በየዓመቱ የሚደጋገም ጠባይ ስለሚኖረው ከባለፈው ወር ጋር ሳይሆን ከቀደሙት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር ማስተያየቱ ይሻላል።

መቶኛና መቶኛ ነጥብ

በአጭሩ የሚያልፍ ቢሆንም ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ ነው። ግሽበት ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ሲወርድ የወረደው በ5 መቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ከተባለ ግን በ25 በመቶ ነው። «ግሽበት በ5 በመቶ ቀነሰ» የሚለው አነጋገር ከሁለቱ አንዱንም በትክክል አይናገርም። የኢንዴክስ ነጥብም ሌላ ነገር ነው፤ ከ271.696 ወደ 296.311 የተደረገው ጉዞ 24.6 ነጥብ ነው እንጂ 24.6 በመቶ አይደለም።

ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይቆጠርም። እያንዳንዱ ምድብ ቤተሰቦች በሚያወጡበት ገንዘብ ልክ ክብደት ይሰጠዋል፤ ምድቦቹም በአብዛኛው የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታትን የፍጆታ አመዳደብ ነው፤ በ1999 በወጣው ሥርዓት የቤተሰብ ወጪ በአሥራ ሁለት ዋና ክፍሎች ይመደባል፣ በ2018 በተሻሻለው ደግሞ በአሥራ ሦስት። አንድ ምድብ በጠቅላላው ግሽበት ላይ ያለውን ድርሻ በግርድፉ ለማወቅ ክብደቱን በጭማሪው ማባዛት ይበቃል። ክብደቱ 30 በመቶ የሆነ ምድብ በ20 በመቶ ቢጨምር ለጠቅላላው 6 መቶኛ ነጥብ ያዋጣል፤ ክብደቱ 2 በመቶ የሆነው ግን ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚያዋጣው 2 ነጥብ ብቻ ነው። ዜና የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ኑሮን የሚያከብደው የመጀመሪያው።

በዚህ ምክንያት የሁለት ሀገሮችን ግሽበት ከማነጻጸር በፊት ክብደቶቻቸውን ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ምግብ ከቅርጫቱ ከ15 በመቶ በታች ሲይዝ የመኖሪያ ቤት ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህል ይወስዳል፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ብዙ ሀገሮች ምግብ ብቻውን ከ40 በመቶ ይበልጣል። የዩሮ ቀጣና ኢንዴክስ ደግሞ በገዛ ቤታቸው የሚኖሩ ሰዎች የቤት ባለቤትነት ወጪ አይገባበትም። ያው አንድ የዓለም የእህል ዋጋ ጭማሪ በአንዱ ሀገር ቁጥር ላይ ጭረት ሲሆን በሌላው ስብራት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምግብና ኃይል ተቀንሰው የሚሰላው «ዋና ግሽበት» የሚባለው ቁጥርም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። የማዕከላዊ ባንክ ሰዎች የሚወዱት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ወይም የነዳጅ ዋጋ ሲናር የሚመጣ ውጣ ውረድ በወለድ ምጣኔ አይታከምም፤ እነሱ የሚፈልጉት ከሥር ያለውን ዝንባሌ ነው። ምግብ የቅርጫቱ ግማሽ በሆነበት ሀገር ግን ምግብን አውጥቶ የቀረውን «ዋና» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ለፖሊሲ አውጪ ይጠቅም ይሆናል፣ ስለ ቤተሰብ ኑሮ ግን የሚናገረው እኩሌታውን ብቻ ነው።

የራስዎን ቅርጫት ማስላት

የሀገሩ ቁጥር የማንም ቤተሰብ ቁጥር አይደለም። ክብደቱ የሚወጣው ከጠቅላላ ወጪ ስለሆነ ብዙ የሚያወጣ ቤተሰብ ከድሃው ይልቅ በአማካዩ ላይ ጎልቶ ይገባል። ስለዚህ የራስን ግሽበት ማስላት ከመጠራጠር ይሻላል፤ አንድ ምሽት ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። የሦስት ወር ወጪዎን ሰብስበው በአራት ወይም በአምስት ምድብ ይክፈሉት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ምድብ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ይጻፉ። ቀጥሎ ለየምድቡ አዘውትረው የሚገዟቸውን ጥቂት ነገሮች መርጠው የዛሬ ዓመት ዋጋቸውን ከዛሬው ጋር ያስተያዩ፤ አሮጌ ደረሰኝና የሞባይል ክፍያ መዝገብ እዚህ ላይ ከማስታወስ ይበልጣሉ። ትዝታ የመጨረሻውንና የመረረውን ዋጋ ብቻ ስለሚይዝ አይታመንም።

ለምሳሌ የቤት ኪራይ ከወጪው 40 በመቶ፣ ምግብ 35፣ ትራንስፖርት 15፣ ሌላው 10 በመቶ ቢሆንና ኪራዩ ባለበት ቆሞ ምግብ በ30፣ ትራንስፖርት በ20፣ ሌላው በ10 በመቶ ቢጨምር ድምሩ 10.5 ሲደመር 3 ሲደመር 1፣ ማለትም 14.5 በመቶ ነው። አከራዩ በ25 በመቶ ሲጨምር ግን ኪራዩ ብቻውን 10 ነጥብ ያክልና የቤተሰቡ ግሽበት በአንድ ጊዜ 24.5 በመቶ ይሆናል። ተከራይና ባለ ቤት ጎን ለጎን እየኖሩ ስለ ኑሮ ውድነት የማይግባቡት ብዙውን ጊዜ በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ነው።

ስታሰሉ መጠኑንም መመዘን አይርሳችሁ ብዬ ብጨምር ከጉዳዩ አልወጣም። ማሸጊያው ሳይለወጥ 500 ግራም የነበረው 450 ግራም ሆኖ በዚያው ዋጋ ቢሸጥ ዋጋው አልጨመረም ማለት አይደለም፤ የኪሎው ዋጋ በ11.1 በመቶ ጨምሯል። ዋጋ ሰብሳቢውም ሚዛኑን የሚያነበው ለዚህ ነው። የጥራት ለውጥን በተመለከተ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ዋጋው የጨመረ ስልክ የተሻለ ስልክ ከሆነ ጭማሪው ሁሉ ግሽበት አይደለም። በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክሱን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን፣ የቦስኪን ኮሚሽን፣ በ1996 ባቀረበው ሪፖርት ኢንዴክሱ በጥራት መሻሻልና ሸማቹ ወደ ርካሹ ዕቃ በመዞሩ የተነሣ ግሽበትን በዓመት በ1.1 መቶኛ ነጥብ ያህል አጋንኖ ያሳይ እንደነበር ገምቷል፤ ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም።

ደመወዝና ውል ላይ ሲውል

ደመወዝ በ15 በመቶ ጨምሮ ዋጋ በ20 በመቶ ከጨመረ ብዙዎች «5 በመቶ ከሰርኩ» ይላሉ። ትክክለኛው ስሌት በማካፈል ነው፦ 1.15 ለ1.20 ሲካፈል 0.958 ይሆናል፤ የመግዛት አቅሙ የቀነሰው በ4.2 በመቶ ነው። ግሽበቱ ዝቅተኛ ሲሆን መቀናነሱ ብዙ አያሳስትም፣ ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ደመወዙ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ማነጻጸር ያለብዎ ከመጨረሻው ጭማሪ ወር እስከ ዛሬ ያለውን የኢንዴክስ ለውጥ ነው እንጂ በዜና የተነገረውን ዓመታዊ ቁጥር አይደለም፤ ጭማሪው ከተደረገ አሥራ ስምንት ወር ካለፈው የአሥራ ሁለት ወሩ ቁጥር ስድስት ወር ይሰውርብዎታል።

ኪራይ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ከግሽበት ጋር እንዲሄድ የሚያስር ውል የሚዋዋል ሰው «በግሽበቱ ልክ ይስተካከላል» ብሎ ቢተወው ከላይ ያየናቸው አሻሚዎች ሁሉ ውሉ ውስጥ ይገባሉ። የትኛው ኢንዴክስ፣ ጠቅላላው ወይስ አንድ ምድብ፣ የየትኛው ወር ከየትኛው ወር ጋር፣ ዓመታዊው ወይስ ተንከባላይ አማካዩ የሚለው በጽሑፍ መስፈር አለበት። የመነሻ ዓመት ሲቀየር ምን እንደሚደረግም እንዲሁ፤ መሥሪያ ቤቶች በየጥቂት ዓመቱ ቅርጫቱን አድሰው ኢንዴክሱን እንደገና ከ100 ስለሚጀምሩት ሁለቱ ተከታታዮች በቀጥታ አይነጻጸሩም። ማገናኛው ሁለቱም የተሰላበት የጋራ ጊዜ ነው፦ አሮጌው 240 በነበረበት ወር አዲሱ 100 ከተባለ፣ አዲሱ 115 ሲደርስ በ2.4 ተባዝቶ በአሮጌው ልክ 276 ይሆናል፤ ውሉም ከዚያ ቁጥር ይቀጥላል።